የሞተር ዘይት ነው!

በአማርኛችን «ሞተር» ሁለት ነገር ነው። በመኪና ኮፈን ሥር የሚንደቀደቀው ብረት ሞተር ነው፤ ዜብራ ስታቋርጡ በጆሯችሁ ሥር ጥርርር ብሎ አልፎ ልባችሁን ቀጥ የሚያደርገው ባለሁለት ጎማውም ሞተር ነው። «ሞተሩ ተነሣ» ሲባል የትኛው እንደተነሣ የምናውቀው ከወሬው አካሄድ ነው። በዚህች የቃል መመሳሰል የተጎዳ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አለ። የእህቴ ልጅ ነው። የጎዳሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ዲላ ነው የምትኖረው። ልጇ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ነጥብ ሳይመጣለት ሲቀር፣ ሥራም ሲያጣ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የጣለችውን ዕቁብ አወጣች፤ የጎደለውን ከዘመድ ከወዳጅ ለቃቀመችና አንድ ባለ150 ሲሲ የህንድ ሞተር ገዛችለት። ወደ ደቡብ ወርዳችሁ የምታውቁ አይጠፋችሁም፤ ዲላም በሉ ሶዶ፣ ሞተር ማለት ታክሲ ነው፤ ሲያስፈልግ የጭነት መኪና ነው፤ ምጥ ሲመጣ ደግሞ አምቡላንስ ነው። ልጁ የቀን ገቢውን ለእናቱ ያስረክባል፤ እሷ ከዚያ ላይ ዕዳዋን ትከፍላለች፤ የታናናሾቹ ደብተርም፣ የቤቱ ዘይትም (የወጡን ማለቴ ነው፤ ዛሬ ዘይት ዘይት ስንባባል እንዳንደባለቅ) ከዚያችው ይወጣል።

ለገና ወደነሱ ስወርድ ባዶ እጄን መሄድ ደበረኝ። ለትንንሾቹ ልብስ፣ ለእህቴ ጋቢ ካልኩ በኋላ «ለባለሞተሩስ?» ብዬ ሳስብ አንድ ብልህ ሐሳብ መጣልኝ። ዘይት! ለራሴ መኪና ዘይት ከምገዛበት ሱቅ ጎራ አልኩና ከመደርደሪያው ላይ ውዱን፣ የሚያብረቀርቀውን፣ ፊት ለፊቱ ላይ ነዳጅ ይቆጥባል የሚል ነገር የተጻፈበትን ባለ4 ሊትር ጋሎን አስወረድኩ። «ለሞተር ነው የምፈልገው፤ ይሆናል?» አልኩት ሻጩን ልጅ። ጋሎኑን አዙሮ እንኳ አላየውም። «ጋሼ፣ የሞተር ዘይት ነው'ኮ!» አለኝ፤ መሳቅም ቃጣው።

እውነቱን ነው፤ የሞተር ዘይት ነው። እኔም አልዋሸሁ፣ እሱም አልዋሸ። እኔ ሞተር ያልኩት ባለሁለት ጎማውን ነው፤ እሱ የሰማው ብረቱን ነው። ወይም ደህና አድርጎ ሰምቶኝ «ምን ለውጥ አለው?» ብሎ ይሆናል። የከፋው ይኸኛው ነው። ዛሬ ልጣላ የተነሣሁትም ከዚሁ ጋር ነው፤ «ዘይት ዘይት ነው፣ ምን ለውጥ አለው» ከሚለው ፍልስፍና ጋር።

እናላችሁ፣ ልጁ የአጎቱን ስጦታ በደስታ ቀዳ። ሳምንትም አልሞላው። ሁለት ሰው አፈናጥጦ፣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቡና አስሮ የይርጋጨፌን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ መጮህ እንጂ መሄድ እምቢ አለ። ነዳጅ ሲሰጠው ድምፁ ይጨምራል፤ ጎማው ግን አይጨምርም። መካኒኩ ከፈተው፣ አየው፣ ፈረደ፦ «ፍሪሲዮኑን በልቶታል። ልጁ እጁ ከባድ ነው፤ ፍሪሲዮን ላይ ይተኛል።» አዲስ ፍሪሲዮን ተገዛ፣ ተገጠመ። ዘይቱም ከዚያው ካመጣሁት ጋሎን ላይ እንደገና ተሞላ፤ «ጥሩ ዘይት ነው፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው» ተብሎ። ወር ሳይሞላ ያው ዳገት፣ ያው ጩኸት፣ ያው ፍርድ።

ከዚያ የቤተሰብ ሸንጎ ተቀመጠ። እኔም በስልክ ተካፍያለሁ፤ እንዲያውም «ተረጋግቶ ይንዳ እንጂ!» ብዬ ተቆጥቻለሁ። እህቴ ሦስተኛ ፍሪሲዮን በብድር አስገጠመችና ቁልፉን ከልጇ ተቀብላ ሞተሩን ለጎረቤት ልጅ በቀን ሒሳብ አከራየችው። ያ ልጅ ደግሞ ከሰፈሩ ሱቅ ርካሿን የሞተር ሳይክል ዘይት በሊትር እየገዛ ይቀዳ ነበርና ሞተሩ ምንም አልሆነም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ? ሞተሩ ያው ነው፣ ዳገቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ሹፌሩ ብቻ ነው። ዘይቱም ተለውጧል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ዘይት ዘይት ነዋ! የእህቴ ልጅ «እጀ ከባድ» ተብሎ ስም ወጥቶለት ቤት ዋለ። ሞተር የያዙ እኩዮቹ በበሩ ሲያልፉ ክላክስ ያሰሙለታል፤ ሰላምታ ይሁን ተረብ እሱ ነው የሚያውቀው።

ለፋሲካ ወረድኩ። በዓል ስለሆነ ሞተሩ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ከሞተሩ ጋር የመጣው የመመሪያ መጽሐፍ ፌስታሉ እንኳ ሳይቀደድ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እኔ ሥራ ስፈታ የመድኃኒት ብልቃጥ ሳይቀር የማነብ ሰው ነኝ፤ ከፈትኩት። የዘይቱ ገጽ ላይ ከቁጥሮቹ ጎን ሁለት የፈረንጅ ፊደላት አሉ፦ ኤም ኤ። ጓዳ ገብቼ እህቴ ላምባ የምታስቀምጥበትን የኔን ባዶ ጋሎን አወጣሁ። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጎኑን አገላበጥኩት። ኤም ኤ የሚል የለም። ወጡ አፌ ላይ መረረኝ፤ የፋሲካ ዶሮ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

እስቲ ጉዳዩን በሰፈር አማርኛ ላስረዳ። መካኒክ አይደለሁም፤ ከዚያ ፋሲካ ወዲህ ግን ያገኘሁትን ሳነብ፣ ያገኘሁትን መካኒክ ስጨቀጭቅ ነው የከረምኩት። መኪናችሁ ውስጥ የሞተሩ ዘይት የሚያገለግለው ሞተሩን ብቻ ነው፤ ያለሰልሰዋል፣ ያቀዘቅዘዋል፣ ያጥበዋል። ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው። ፍሪሲዮኑ ደግሞ ደረቅ ነው፤ እንዲያውም ዘይት ከነካው ወዮለት። አብዛኛው ሞተር ሳይክል ግን እንደ ድሃ ቤት ነው፤ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚያድረው። ፒስተኑም፣ ካምቢዮውም፣ ፍሪሲዮኑም የሚጠጡት ያንኑ አንድ ሊትር ምናምን ዘይት ነው። የፍሪሲዮኑ ዲስኮች ዕድሜያቸውን ሙሉ ዘይት ውስጥ ተዘፍቀው ይኖራሉ፤ ሥራቸው ግን እርስ በርስ ተያይዘው የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማው ማሳለፍ ነው። እንግዲህ ዘይቱ የተጠየቀው ነገር ከባድ ነው፦ ፒስተኑ ጋ ስትደርስ አንሸራትት፣ ፍሪሲዮኑ ጋ ስትደርስ አታንሸራትት።

ብዙ የዘመኑ የመኪና ዘይት ነዳጅ እንዲቆጥብ ሲባል ፍትጊያ የሚቀንስ ቅመም ይገባበታል። ለመኪናው ቅመሙ በረከት ነው። ሞተር ሳይክል ውስጥ ሲገባ ግን ዲስኮቹን ሳሙና እንደያዘ እጅ ያደርጋቸዋል። ይንሸራተታሉ፤ ሲንሸራተቱ ይግላሉ፤ ሲግሉ ይቃጠላሉ፤ የተፋቀው ፍርፋሪ ደግሞ ወደዚያው ዘይት ገብቶ ከሞተሩ ጋር ይዞራል። ጃሶ የሚባለው የጃፓን የተሽከርካሪ ደረጃ አውጪ ድርጅት ይህንኑ አይቶ በ1998 እ.ኤ.አ. ለባለአራት ምት ሞተር ሳይክል ዘይት የተለየ ደረጃ አወጣ። «ኤም ኤ» የተባለው ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ለተዘፈቀ ነው። «ኤም ቢ» የተባለው ይበልጥ የሚያንሸራትት ነው፤ ፍሪሲዮናቸው ዘይት ለማይነካው አውቶማቲክ ስኩተሮች ነው የሚሆነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤም ኤን ራሱን «ኤም ኤ 1» እና «ኤም ኤ 2» ብለው ከፈሉት፤ ሁለተኛው ፍሪሲዮኑን ይበልጥ አጥብቆ እንዲይዝ የሚያደርገው ነው። በቃ፣ ምስጢሩ ይኸው ነው። የእህቴን ዕቁብ የበላው ሁለት ፊደል አለማንበብ ነው።

የቁጥሮቹን ነገር ካነሣን፣ እዚያም ብዙ ጉድ አለ። «20 ደብሊው 50» ሲባል ደብሊው ክብደት የሚመስለው ስንት ሰው አለ! ክረምት ማለት ነው፤ ዊንተር። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል፤ የኋለኛው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲግል ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው። ከፍ ያለ ቁጥር የተሻለ ዘይት ማለት አይደለም፤ ከፍ ያለ ቁጥር የጫማ ቁጥርም የተሻለ ጫማ አያደርግም። መመሪያው 20 ደብሊው 50 ካለ እሱን ነው፤ 10 ደብሊው 30 ካለም እሱን ነው። ቁጥሩ ግን ስለ ፍሪሲዮኑ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ሁለት ዘይቶች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው አንዱ ኤም ኤ ሊሆን፣ ሌላው ላይሆን ይችላል። እኔ ከተማረው ወገን ነኝ ባዩ እንኳ ቁጥሩን አይቼ ነበር'ኮ! ቁጥር ያየ ሰው ያነበበ ይመስለዋል።

አሁን የሚመጣብኝን አውቃለሁ። አንድ ጋራዥ በር ላይ ይህንን ሳወራ አንድ ጎልማሳ መካኒክ ቁልፉን በጨርቅ እየጠረገ «ወንድሜ፣ እኔ 20 ዓመት ለሞተር የመኪና ዘይት ስቀዳ ኖሬያለሁ፤ ማን ሞተ?» አለኝ። ውሸቱን አይደለም። ቅመም ያልበዛበት ተራው ወፍራም የመኪና ዘይት ስንቱ ሞተር ውስጥ ገብቶ ፍሪሲዮኑ ሳይንሸራተት ይኖራል። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ሁልጊዜ ቢያቃጥል ኖሮ ዓመት ሳይሞላ ሁላችንም እንማር ነበር። አንዳንዴ ያቃጥላል፣ አንዳንዴ ይምራል። የማረን ቀን ዘይቱን እናመሰግናለን፤ ያቃጠለን ቀን ሹፌሩን እንከሳለን። ጎልማሳውን «20 ዓመት ሙሉ ፍሪሲዮን በላ ብለህ የፈረድክበት ልጅ ስንት ይሆናል?» አልኩት። ሳቀና ወደ ሥራው ተመለሰ። አልሳቅሁም።

የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ዘይቱ ሲሳሳት ዘይቱ ተጠይቆ አያውቅም። የሸጠው አይጠየቅም፣ የቀዳው አይጠየቅም፣ «ከአዲስ አበባ የመጣ» ብሎ ያመጣው የኔ ቢጤ አጎትማ ጭራሽ ይመሰገናል። የሚጠየቀው በዚህ ሰንሰለት ውስጥ በዕድሜም በኪስም ትንሹ ነው። እጁ ከባድ ነው፤ ወጣት ስለሆነ ይበራል፤ ጫት አለበት፤ ተባለ። ክሱ ለመቅረብ ምስክር አያስፈልገውም፤ ሞተር መንዳቱ ብቻ ይበቃል። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ የሞተር ሳይክሎችን እንቅስቃሴ ስታግድ ወሬው ሁሉ ስለ ወንጀል ነበር። ወንጀል አልነበረም አልልም። ግን ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ስለ ሞተር ስናወራ ከንጥቂያና ከአደጋ ውጪ ሌላ አጀንዳ ሰምታችኋል? ያ ልጅ የሚበላው እንጀራ በአንድ ሊትር ዘይት ላይ የተንሳፈፈ መሆኑን ያነሣ ሰው አላጋጠመኝም።

ጋራዦቻችን ውስጥ ያለውን አዋቂነት ደግሞ ተመልከቱልኝ። ዘይት በጣት ነክሮ አሻሸውና «አለቀ» ወይም «ደህና ነው» ይላል፤ ጣቱ ላቦራቶሪ ነው። ጠቆረ ከተባለ ተበላሸ ነው። ሞተር የሚያጥብ ዘይት እኮ ይጠቁራል! ልብስ ያጠባችሁበት ውኃ ካልጠቆረ ነው መጠርጠር ያለባችሁ። ዘይት የሚቀየረው መመሪያው ባለው ኪሎ ሜትር ነው፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከተበላሸ (የአብዛኛው ተበላሽቷል) በቀን መቁጠሪያ። ሌላው ደግሞ አፍስሶ መቀየሩን ትቶ «ጎደለ» ሲባል ብቻ እየጨመረ ይኖራል። ጠላ አይደለም'ኮ፣ በላዩ ላይ ሲጨምሩበት አይታደስም። አንድ ሊትር ዘይት ሞተርም ካምቢዮም ተሸክሞ፣ የካምቢዮው ጥርሶች እየፈጩት ውፍረቱን ሲያሳጡት፣ ለምን ያህል ጊዜ ይሠራል?

በዚያው ልክ «ውድ ከሆነ ይሻላል» ባዩም አለ፤ የዚህኛው ወገን አባል እንደነበርኩ ከላይ ተናዝዣለሁ። ቆንጆ ጋሎን፣ የእሽቅድምድም መኪና ሥዕል፣ ሲንተቲክ የሚል ጽሑፍ። ሲንተቲክ መሆኑ ጥፋት አይደለም፤ ኤም ኤ እስከሆነ ድረስ እሰየው ነው። ግን መመሪያው ተራውን ለሚቀበል ባለ150 ሲሲ የሚያስፈልገው ትክክለኛዋና በጊዜዋ የምትቀየረዋ ተራ ዘይት ናት። ያቺ የጎረቤት ልጅ የገዛት ርካሽ ዘይት የኔን ውድ ዘይት አሸንፋዋለች።

ቆራሌውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ሰፈራችን የሚመጣው ቆራሌ ባዶ የዘይት ዕቃ ሲገዛ ክዳኑ ያለውንና ወረቀቱ ያልተላጠውን በተሻለ ዋጋ ነው የሚወስደው። አንድ ቀን «ለምን?» ብለው «ይፈለጋል» አለኝ። ማን እንደሚፈልገው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ አሁን ሳስበው ያልጠየቅሁት መልሱን ስለማውቀው ነው። ያገለገለ ዘይት በጨርቅ ተጣርቶ፣ አሮጌ ልብሱን አስተካክሎ ለብሶ ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ሲወጣ ኤም ኤ የሚለውም ፊደል አብሮት ይወጣል። ስለዚህ ፊደል ማንበብ ብቻውን አያድንም፤ የክዳኑን ማሸጊያ ማየት ነው፣ ከሚያውቁት ሱቅ መግዛት ነው። ባዶውን ዕቃ ደግሞ ከመጣል በፊት በቢላ መብሳት። እኔ አሁን እበሳለሁ። ቆራሌው አኩርፎኛል።

አስመጪዎቹስ? ከውጭ በኮንቴይነር ሙሉ አምጥቶ፣ በየከተማው ባነር ሰቅሎ፣ ቲሸርትና ኮፍያ አድሎ፣ በጋሎኑ ጀርባ በአማርኛ በሉ በኦሮምኛ በሉ በጌዴኦኛ አንዲት መስመር ማተም ከበደ? «ለሞተር ሳይክል አይሆንም።» ሦስት ቃል ነው። ሱቆቹስ የመኪናውን አንድ መደርደሪያ፣ የሞተር ሳይክሉን ሌላ መደርደሪያ ላይ ማድረግ ስንት ብር ያስወጣል? ሻጩ «ሞተር» ሲባል «ባለሁለት ጎማው ነው ወይስ መኪና?» ብሎ መጠየቅስ? የባሰም አለ፤ አንዳንድ አሮጌ የገጠር ሞተሮች ባለሁለት ምት ናቸው፤ የእነሱ ዘይት ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚቃጠል ሌላ ዓይነት ዘይት ነው። ለነዚያም ሲጠየቅ መልሱ ያው «የሞተር ዘይት ነው!» ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ወደዚያው ሱቅ ተመለስኩ። ልጁ አላስታወሰኝም። «ኤም ኤ ያለው ዘይት አለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ዘይትም ማስተርስ መማር ጀመረ እንዴ?» አለ። ሱቁ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ሳቅን፤ እኔም ጭምር። ያመጣሁትን መመሪያ ገልጬ ፊደሎቹን አሳየሁት። ለወጉ ይሁን ለምን እንጃ፣ ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣች ባለአንድ ሊትር አወጣና በእጁ ጠራርጎ ጀርባዋን አነበበ። ምናልባት የዘይት ጀርባ ሲያነብ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። «ኤም ኤ 2 ይላል። ይሄ እንኳ ሁለተኛ ዲግሪውን ደግሞታል» አለ። ሂሳቡ በሊትር ሲታሰብ ከዚያ ከገና ስጦታዬ ያነሰ ነበር። አራት ገዛሁ። ለቀጣዩ ደንበኛ ይጠይቅ አይጠይቅ እንጃ፤ እኔ ስወጣ ግን ሌላ ጋሎን አዙሮ እያየ ነበር።

ዲላ ወርጄ የእህቴን ልጅ ለብቻው ጠራሁትና ነገርኩት። ጥፋቱ የኔ እንደነበረ፣ ፍሪሲዮኑን የበላው እጁ ሳይሆን ዘይቴ እንደነበረ። ዝም ብሎ ሰማኝ። «ጋሼ፣ እኔ'ኮ ዘይቱ ከተቀየረ ወዲህ ነው ብዬ ለመካኒኩ ነግሬው ነበር» አለ። «ለእናትህስ?» አልኩት። «ጋሼ ያመጡልኝን ዘይት ነው የማማው?» አለኝ።

ማታ ቡና ላይ ለእህቴም ከሀ እስከ ፐ አስረዳኋት፤ መመሪያውን ገለጥኩ፣ ጋሎኑን አመጣሁ፣ ኤም ኤን በጣቴ አሳየሁ። ሲኒውን እየቀዳች በትዕግሥት አዳመጠችኝ። የሁለቱን ፍሪሲዮን ዋጋ እኔ እንደምከፍል ስነግራት «ተው እንጂ!» አለች፤ ግን አልመለሰችውም። ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ ለልጇ ሰጠችው። ልጁ ወጥቶ ሞተሩን ሲያስነሣ በበሩ በኩል አየችውና ወደኔ ዞረች።

«እሺ፣ ዘይቱ ይሁን» አለች። «ግን እጁም ትንሽ ከበድ ይላል።»